ዘይቱ የማን ማሰሮ ውስጥ ነው?

(በደብረ ዘይት ሳምንት ኮምቦልቻ ላይ በሰንበት ትምህርት ቤት ጉባኤ የተሰጠ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ነው፤ ጥቂት ቦታ ብቻ ተስተካክሏል።)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አባቶቼ ካህናት፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። በተለይ ከፈረቃ ወጥታችሁ ቤት እንኳ ሳትደርሱ ወደዚህ የመጣችሁ እኅቶቼ፣ እግዚአብሔር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ግቡ። እዚህ ጋ ቦታ አለ። ኧረ ግቡ!

ለማታውቁኝ፣ እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ስልክ የምጠግን ሰው ነኝ። ሰባኪ አይደለሁም። አባቶች «በየቀኑ የሰው ስልክ የምትከፍት አንተ ነህና ያየኸውን ንገረን» ስላሉኝ ነው የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ የመጣሁት። ስለዚህ ያየሁትን እናገራለሁ። ባጠፋ አባቶች አሉ፤ ያርሙኛል።

ባለፈው እሑድ የጌታን ዳግም ምጽአት የምናስብበትን ደብረ ዘይትን አክብረናል። ምስባኩ «እግዚአብሔርሰ ገሃደ ይመጽእ፣ ወአምላክነሂ ኢያረምም» ነበር። እግዚአብሔር በግልጥ ይመጣል፤ አምላካችን ዝም አይልም። የተነበበው ወንጌል ማቴዎስ 24 ነው። በሚመጣው እሑድ ደግሞ ገብር ኄር ነው። የእሱ ወንጌል ማቴዎስ 25 ላይ ከቁጥር 14 ይጀምራል። በሁለቱ መካከል ምን አለ? የዐሥሩ ደናግል ምሳሌ አለ። እኛም ዛሬ የተሰበሰብነው በሁለቱ እሑዶች መካከል ነው። ስለዚህ ይህን ምሳሌ የዚህ ሳምንት ስንቅ ብዬ ይዤው መጥቻለሁ።

ሦስት ነገር ነው የምናገረው። አንደኛ፣ ቴክኖሎጂ ከየት መጣ? ሁለተኛ፣ በሰው ሕይወት ላይ ምን ይጨምራል፣ ምንስ አይጨምርም? ሦስተኛ፣ ዝግጅት። ሦስተኛው ላይ እቆያለሁ።

አንደኛውን ቶሎ ልበል። «ይህ ሁሉ መሣሪያ የዲያብሎስ ነው» የሚሉ አሉ። እስኪ መጽሐፉን እንይ። ናስና ብረት ይቀጠቅጥ የነበረው ቱባልቃይን ከቃየን ዘር ነው። ዘፍጥረት 4 ላይ ተጽፏል። እውነት ነው። ግን መጽሐፉ እዚያ ላይ አላቆመም። ዘጸአት 31 ላይ እግዚአብሔር ባስልኤል የሚባል ሰው በስሙ ጠራ። የእግዚአብሔርን መንፈስ ሞላበት። ለምን? እንዲሰብክ ነው? አይደለም። ወርቅና ብር እንዲሠራ፣ ናስ እንዲሠራ፣ ድንጋይ እንዲቀርጽ፣ እንጨት እንዲጠርብ ነው። ለእጅ ሥራ መንፈስ ቅዱስ ተሰጠው! እናንተ ማሽን ላይ ቆማችሁ የምትውሉ፣ ይህን ቃል ያዙት። ሥራችሁ ከእግዚአብሔር ፊት የራቀ አይደለም።

ኮምቦልቻ ማሽን ምን እንደሆነ ታውቃለች። ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ ብረታ ብረቱ አለ፣ በ2009 ዓ.ም የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ስንቱ እናቱን ይጦርበታል!

የቤተ ክርስቲያናችንንም ታሪክ እዩ። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ ሐይቅ እስጢፋኖስን ታገኛላችሁ። እዚያ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ ያበረከቱት የብራና ወንጌል አለ። ያ ወንጌል ዝም ብሎ አልተገኘም። ቆዳ ተወጥሯል፣ ተፍቋል። ቀለም ተበጥብጧል። መቃ ተቀርጿል። የዘመኑ ቴክኖሎጂ እሱ ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የብራና መጻሕፍትን ፎቶ የማንሣት ሥራ ደግሞ ያው ወንጌል በማይክሮፊልም ተቀድቷል። ፍቆ የጻፈውም፣ ፎቶ ያነሣውም አንድ ወንጌል ነው የጠበቁት።

ፈንጣጣንስ ማን ይረሳል? ትልልቆቻችን ፊታቸው ላይ ጠባሳውን ይዘው ኖረዋል። አገራችን በሽታው መጨረሻ ላይ ከለቀቃቸው አገሮች አንዷ ናት። በ1972 ዓ.ም የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣ ከምድር ጠፋ ብሎ አወጀ። በክትባት ነው የጠፋው። ይህን የሰጠ እግዚአብሔር አይደለም የሚል ክርስቲያን ካለ፣ ልጇን የቀበረች እናት ጠይቆ ይምጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። «በክትባቱ ውስጥ ቺፕ አለ፣ 666 ነው፣ ጌታ በዚህ ዓመት ይመጣል» የሚል ቪዲዮ ስንት ሰው ልኮልኛል! ሌሊት ሌሊት ይህን ሲያዩ የሚያድሩ ወጣቶች አሉ። ይጨንቃቸዋል። ያለቅሳሉ። ጧት ግን ጸሎት የለም። ልጆቼ፣ አባቶቻችን ባሕረ ሐሳብን አስተማሩን። ከዓመተ ዓለም ተነሥተው፣ 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምረው፣ መደብና አበቅቴ አውጥተው፣ ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ያሰሉልናል። ከመቶ ዓመት በኋላ ያለውን ፋሲካ ዛሬ ቁጭ ብለው ያወጡታል። ስምንተኛው ሺህ ውስጥ እንዳለን የነገሩንም እነሱ ናቸው። ይህን ሁሉ የሚያሰሉ አባቶች የምጽአትን ቀን አሰሉ? አላሰሉም። ለምን? «ስለዚያች ቀንና ስለዚያች ሰዓት የሚያውቅ የለም» ስለተባለ። አባቶቻችን ያላሰሉትን ቪዲዮ ሠሪ አይነግራችሁም። አትመኑት!

ሁለተኛው። ቴክኖሎጂ በሕይወት ላይ ምን ይጨምራል?

ቀን ይጨምራል። ይህን መካድ የለብንም። በ1960 ዓ.ም ኅዳር ወር ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ታውን ላይ ዶክተር ክርስቲያን ባርናርድ የአንድ ሰው ልብ አውጥቶ ለሌላ ሰው ተከለ። በዓለም የመጀመሪያው ነበር። ልብ የተተከለለት ሰው ሉዊስ ዋሽካንስኪ ይባላል። ስንት ቀን ኖረ? 18 ቀን። ከዚያ በሳንባ ምች ሞተ። ዛሬ ግን በተተከለ ልብ ለብዙ ዓመት የሚኖሩ አሉ። እሰየው ነው። እግዚአብሔር ይመስገን።

አሁን ወደ ንጉሡ ሕዝቅያስ እንሂድ። ኢሳይያስ 38 ላይ ታሞ ለሞት ደርሶ ነበር። ነቢዩ መጥቶ ቤትህን አስተካክል፣ ትሞታለህ አለው። ንጉሡ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ። እግዚአብሔርም ሰማው። 15 ዓመት ጨመረለት። እንዴት ዳነ? ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥታችሁ እባጩ ላይ ለጥፉ አለ። መድኃኒት ነው! እግዚአብሔር በቃሉ ካዳነ በኋላ መድኃኒቱን አልናቀም። እዚህ ጋ «ጠበል ወይስ ሐኪም ቤት» እያላችሁ የምትጨቃጨቁ፣ ይህን ምዕራፍ አንብቡት።

ጥያቄው ከዚህ በኋላ ነው። ሕዝቅያስ በተጨመረለት 15 ዓመት ምን አደረገ? ምዕራፍ 39 ላይ ከባቢሎን መልእክተኞች መጡ። እሱም ግምጃ ቤቱን ከፍቶ ብሩን፣ ወርቁን፣ ሽቱውን፣ መሣሪያውን ሁሉ አሳያቸው። ኢሳይያስ «በቤትህ ምን አዩ?» ብሎ ጠየቀው። «ሁሉን አይተዋል። ያላሳየኋቸው የለም» አለ። ዕድሜ ተጨመረለት፤ የተጨመረለትን ሳሎኑን ለማሳየት ተጠቀመበት። ዛሬ እኛ ቤታችንን፣ ልጃችንን፣ ምግባችንን፣ ልብሳችንን ለማያውቀን ሰው ሁሉ ስናሳይ አይደል የምንውለው? በቲክቶክ፣ በፌስቡክ? ኢሳይያስ መጥቶ «በቤትህ ምን አዩ?» ቢለን ምን እንመልሳለን?

እንግዲህ መሣሪያ ቀን ይጨምራል። ቀኑን ምን እንደምናደርግበት ግን አይጨምርም። እሱ የእኛ ነው።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ጠይቃችሁኛል። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ልካችኋል። «የንስሐ ጸሎት ጻፍልኝ ብዬ ቻትጂፒቲን ጠየቅኩት፣ ጥሩ አድርጎ ጻፈልኝ፣ ኃጢአት ነው ወይ?» ትላለች አንዷ። መጠየቅሽ ኃጢአት አይደለም እኅቴ። ግን አንድ ነገር ልብ በይ። እሱ አልበደለም። እሱ አይሞትም። አይፈረድበትም። ለሞት መዘጋጀት የሚሞት ሰው ሥራ ነው። ያማረ ቃል ሊሰጥሽ ይችላል። ተንበርክኮ ግን አይጸልይልሽም፤ እጁን ራስሽ ላይ ጭኖ «ይፍታሽ» አይልሽም። ይህን የሚልሽ የንስሐ አባትሽ ነው። እግረ መንገዴን ልጠይቃችሁ። የንስሐ አባታችሁ ቁጥር ስልካችሁ ላይ አለ? አለ። መጨረሻ የደወላችሁላቸው መቼ ነው? ለበዓል «እንኳን አደረሰዎ» ለማለት የደወላችሁት አይቆጠርም።

ይኸው ሦስተኛው ጋ ደረስን። ዝግጅት።

ዐሥሩ ደናግል መብራት ይዘው ሙሽራውን ሊቀበሉ ወጡ። አምስቱ ልባሞች፣ አምስቱ ሰነፎች። ብዙ ሰው ምሳሌውን ሲያስታውሰው ሰነፎቹ ተኙ፣ ልባሞቹ ነቅተው ጠበቁ ብሎ ነው። እስኪ ቁጥር 5ን አንብቡት። «ሙሽራውም በዘገየ ጊዜ ሁሉ እንቅልፍ እንቅልፍ አላቸውና ተኙ።» ሁሉ! ዐሥሩም ተኝተዋል። ጌታ በእንቅልፋቸው አልወቀሳቸውም። ይህን የምለው ለእናንተ ነው፤ ከማታ ፈረቃ ወጥታችሁ ቅዳሴ ላይ ዐይናችሁ ሲከደን እግዚአብሔር የተቆጣ ለሚመስላችሁ። አልተቆጣም። የደከመ ሰው ይተኛል። ልዩነቱ ዘይቱ ላይ ነው። መብራቱን ሁሉም ይዘዋል። ዘይት በማሰሮ የያዙት ግን አምስቱ ብቻ ናቸው።

ሲነቁ ምን ሆነ? ሰነፎቹ «ከዘይታችሁ ስጡን» አሉ። ልባሞቹ ምን አሉ? «ምናልባት ለእኛና ለእናንተ ባይበቃስ፤ ይልቅስ ወደ ሻጮች ሄዳችሁ ለራሳችሁ ግዙ።» እኔ ልጅ ሆኜ ይህ ይከፋኝ ነበር። እንዴት አያካፍሉም? ወሎ ላይ አድጌ፣ እንግዳ ሲመጣ የልጅ እራት ተነሥቶ ሲሰጥ እያየሁ! በኋላ ነው የገባኝ። ስስት አይደለም። የሚዋሱት ነገር አለ፤ የማይዋሱትም ነገር አለ። ስኳር ትዋሳላችሁ። ብር ትዋሳላችሁ። በጸሎት ውስጥ የኖረ የሌላ ሰው ልብ ግን መዋስ አይቻልም።

አሁን ሱቄ ውስጥ የማየውን ልንገራችሁ። «ሜሞሪው ሞልቷል፣ ትልቅ ግጠምልኝ» ብሎ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። እያየ ነው የምከፍተው። ምን ሞላው? ስብከት አለ። መዝሙር አለ። የዳዊት አፕ አለ፣ የስንክሳር አፕ አለ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ አፕ ሦስት ዓይነት አለ። ከቴሌግራም የወረደ የሁለት ሰዓት ትምህርት በላይ በላዩ ተደርድሯል። አብዛኛው አልተከፈተም። ሰውየው ግን ስለያዘው ደስ ብሎታል። አሰብኩት። ሉቃስ 12 ላይ ያ ባለጠጋ ጎተራውን አፍርሶ ትልቅ ጎተራ ሊሠራ ያሰበው እንዲህ ነው። «አንቺ ነፍሴ፣ ለብዙ ዘመን የሚቀር ብዙ በረከት አለሽ» አላት። በዚያች ሌሊት ተጠራ። ጎተራው ጎተራ ሆኖ ቀረ።

በስልካችን ያለው ሁሉ በእኛ ውስጥ ያለ ይመስለናል። ዛሬ የመጣሁበት ነገር ይኸው ነው። በስልካችን ያለው ሁሉ፣ በእኛ ውስጥ ያለ ይመስለናል!

ይህን ያወቅኩት በሰላም ጊዜ አይደለም። 2014ን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴም ገባ፣ ወደ እናንተም ኮምቦልቻ ወረደ። የሸሸ አለ፣ የቀረ አለ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሰው የሞተበት አለ፤ ቁስል መነካካት አልፈልግም። መብራት ጠፋ። ኔትወርክ ጠፋ። ባንክ ተዘጋ። እስከ ኅዳር መጨረሻ እንዲያ ሆነን ቆየን።

እኛ ግቢ ጥቂት ቤተሰብ ቀርተን ነበር። ሲመሽ አንድ ክፍል እንሰበሰባለን። ከመካከላችን አንድ ጎበዝ የሰንበት ተማሪ ነበር። ዳዊቱ፣ ውዳሴ ማርያሙ፣ መልክዑ፣ ሁሉም ስልኩ ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ እሱ ያነብልን ነበር። የስልኩን ብርሃን ቀንሶ፣ በነጠላ ሸፍኖ፣ በሹክሹክታ። ከዚያ ባትሪው አለቀ። እኔ የስልክ ባለሙያው እዚያው አለሁ፤ ምን ላደርግ እችላለሁ? ባለሙያ መሆኔ መብራት አያመጣም።

ዝም አልን። ውጭ ይተኮሳል። ልጆቹ እናቶቻቸው ላይ ተጣብቀዋል። እዚያ ጥግ አንዲት እማማ ነበሩ። ፊደል አልቆጠሩም። መደብ ላይ ቁጭ ብለው «ዛሬ ምን ቀን ነው?» አሉ። «ሐሙስ ነው» አልናቸው። ጀመሩ። የሐሙስን ውዳሴ ማርያም፣ ያንን ሙሴ ስላያት፣ ነድዳ ስለማትቃጠለው ዕፅ የሚናገረውን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃላቸው አደረሱት። አልተንተባተቡም። በነጋታው ዓርቡን። ከዚያ ቅዳሜውን። ሰባቱም ቀን እሳቸው ውስጥ ነበር። የት ተማሩት? ባለቤታቸው የደብር ዲያቆን ነበሩ፤ ማታ ማታ ሲያደርሱ ወጥ እያማሰሉ ሰምተው ነው የያዙት። ስንት ዓመት እንደሰሙ አስቡት።

ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤታችን ሐጂ ነበሩ። እሳቸውም ቁርዓናቸውን በቃላቸው ይቀራሉ። ድምፃቸው ይሰማናል። የእኛም ይሰማቸዋል። ሲነጋ በልጃቸው ቂጣ ይልኩልናል። ወሎ እንዲህ ነው፤ ለእናንተ አልነግራችሁም። በሁለቱም ቤት መብራቱ ጠፍቶ፣ ያልጠፋው በቃል የተያዘው ነበር።

ያ ልጅ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። መብራት ሲመለስ ደሴ ስልኩን ይዞ ሱቄ መጣ፤ ሰው በሰው ላይ ነው። እሱ አልመጣም። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ እማማ ጋ ሄደ። መደባቸው ላይ ተቀምጦ «ያስተምሩኝ» አላቸው። እሳቸውም «አንተ የተማርክ ልጅ፣ እኔ ምን አስተምርሃለሁ?» አሉት። «በቃል» አላቸው። ዛሬ ሰባቱንም ቀን ይዞታል። እማማ ባለፈው ዓመት ዐርፈዋል። ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። አሜን በሉ።

የኛ የቆሎ ተማሪዎች እኮ ይህን ያውቁታል። ዳዊት በቃል ነው። ድጓው በቃል ነው። መጽሐፍ ስለሌለ ብቻ አይደለም። መጽሐፍ ተሰርቆ ያውቃል፣ ተቃጥሎ ያውቃል። ሰው ውስጥ የገባውን ግን ማን ይወስደዋል?

አንድ ታሪክ ልጨምርና ወደ ማብቂያው እሄዳለሁ። ሰዓት እንዳለን አባቶች በምልክት ነግረውኛል።

አንዲት እናት ከወረኢሉ በኩል መጡ። በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈቱና ስልክ አወጡ። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ውሃ ገብቶበት የቻርጅ መሰኪያው ዝጓል። «የልጄ ነው» አሉ። ልጁ በሃያዎቹ ውስጥ ነበር፣ በመኪና አደጋ ነው የሞተው። በድንገት። ማንም ጠብቆት አልነበረም።

እንዲህ ዓይነት ስልክ ብዙ ይመጣልኛል። የሞተ ሰው ስልክ። ሁልጊዜ የሚፈለገው ፎቶና ድምፅ ነው። ስለዚህ «ፎቶውን ነው የሚፈልጉት እናቴ?» አልኳቸው። «ፎቶስ አለኝ ልጄ። ዕዳውን ነው የምፈልገው» አሉኝ። አልገባኝም። «የሚበደረውን ስልኩ ላይ ይጽፍ ነበር። ዕዳ ይዞብኝ እንዳይሄድ ልክፈልለት» አሉ።

ቦርዱን በአልኮል አጠብኩት። መሰኪያውን ቀየርኩ። ሌላ ስክሪን ገጠምኩለት። ተነሣ። ፓተርኑን ታናሽ እኅቱ ታውቀው ነበርና በስልክ ነገረችን። ማስታወሻው ውስጥ ዝርዝሩ አለ። ከጫማ ቤት 300 ብር። ከአንድ የሥራ ባልደረባው 1,200። የዕቁብ የሁለት ሳምንት። የተከፈለው አጠገብ ራይት አድርጎበታል፤ ያልተከፈለው ባዶ ነው። እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው በጣታቸው ይቆጥራሉ።

መጨረሻ ላይ ብር የሌለው መስመር አለ። የአንድ ሰው ስም፣ ከዚያ «ይቅርታ» ይላል።

«እሱስ ስንት ይላል?» አሉ።

«ብር የለውም እናቴ። ይቅርታ ነው የሚለው። ራይት ተደርጎበታል።»

ትንሽ ቆዩ። «የአጎቱ ልጅ ነው» አሉ። «ተኳርፈው ነበር። ለካ ለፋሲካ ይዞት የመጣው ለዚህ ነው!» ከዚያ የቀረውን ዕዳ ወረቀት ላይ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። ጻፍኩላቸው። የሚከፍሉትን ሰዎች ሊፈልጉ ወጡ።

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ያ ልጅ በምን ሰዓት እንደሚጠራ ያውቅ ነበር? አያውቅም። እዚህ ካለነው ማናችን እናውቃለን? ያዕቆብ በመልእክቱ «ነገ የሚሆነውን አታውቁም» ያለው ለእኛ ነው። ልጁ ግን የበደለውንና የተበደረውን እየቆጠረ ይኖር ነበር። ስልክ ነበረው፤ ለዚህ ተጠቀመበት። እናቱ ብሩን መክፈል ትችላለች። ይቅርታውን ግን ማንም ሊከፍልለት አይችልም ነበር። እሱን ራሱ ከፍሎ ሄደ።

ስለዚህ ስልካችሁን ጣሉ አልላችሁም። በስልክ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ፤ እናንተም አገር ቤት ያለችውን እናታችሁን የምታገኟት በእሱ ነው። ዛሬ ማታ ግን አንድ ነገር አድርጉልኝ። ከመተኛታችሁ በፊት ማስታወሻውን ክፈቱና ጻፉ። የማን ብር አለብኝ? ማንን አስቀይሜአለሁ? ማን አስቀይሞኝ ልቤ ውስጥ ይዤዋለሁ? አሁኑኑ የሚደወልለት ካለ ደውሉ። አራት ሰዓትም ቢሆን ደውሉ፤ ለይቅርታ የተቀሰቀሰ ሰው አይቆጣም። ለንስሐ የሚሆነውን ደግሞ ስልክ ላይ አትጻፉት፤ ለአባት ነው የሚነገረው።

ሌላው ጉዳይ የቃል ጥናቱ ነው። ከአባቶች ጋር ተመካክረናል። ከፊታችን ቅዳሜ ጀምሮ ከጸሎት በኋላ በዚሁ አዳራሽ ውዳሴ ማርያም በቃል ይጠናል። በሰኞው እንጀምራለን። አንድ ሳምንት አንድ አንቀጽ፤ አንቸኩልም። የማታ ፈረቃ ያላችሁ ጧት ስትወጡ የምትገቡበት ሌላ ክፍል ይኖራል፤ ስማችሁን በር ላይ ላለችው እኅት አስመዝግቡ። መጽሐፍ የሌላችሁ ከስልካችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። ካነበባችሁት በኋላ ስልኩን ገልብጣችሁ ታስቀምጡታላችሁ፤ የቀረውን አብረን እንለዋለን። ፊደል የማታውቁ እናቶች ደግሞ ከፊት ነው የምትቀመጡት፤ ምናልባት ከእናንተ የምንማረው ይኖራል።

ስለሰማችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቀረውን የጾም ጊዜ በሰላም አስፈጽሞ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።